ስምንት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ

«ባልቴቷ በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት» አለኝ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

ገብቼ አየሁ። በእንቅልፉ የሚሞት ሰው የታች ከንፈሩን በገዛ ጥርሱ አይቆርጥም። ትራሱም እግርጌ ሄዶ አይወድቅም። ተመልሼ ወጣሁና «ማነው እንዲህ ብሎ የነገረህ?» አልኩት።

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ምስክር የለም። ሂድ ፎቶ አንሺውን ጥራልኝ!»

መሥሪያ ቤት «ሟርቴ» ነው የሚሉኝ። ስልክ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሣ ሰው ሞቷል ብዬ ብድግ የምል ሴት ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት መርማሪ ሆኜ ስሠራ ክፉ በማሰቤ የተሳሳትኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ደግ በማሰቤ የተሳሳትኩበት ቀን ግን አለ። ይኼ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ የመድኃኒት ጠርሙሶች የተደረደሩበት ወንበር። ፎቶ አንሺው ሁሉንም አነሣ፤ ትራሱን፣ የተገፈፈውን ብርድ ልብስ፣ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ዙሪያውን በቀይ ክር የተሰፋውን አሮጌ ፍራሽ። መስኮቶቹ ከውስጥ ተቀርቅረዋል። የውጭው በር ቁልፍ አልተነካም። የገባው ሰው በቁልፍ ነው የገባው።

የሟች ሴት ልጅ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከቤቱ ጀርባ ካለው መንገድ ነው የምትኖረው፤ በሌሊት ልብሷ ነው የመጣችው።

«ቁልፍ እነማን ጋ አለ?» አልኳት።

«እኔ ጋ አንድ፣ እሷ ጋ አንድ።» በአገጯ ወደ ወጥ ቤት ጠቆመች።

«ሌላስ?»

«የወንድሜ ነበር። ባሕር ማዶ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። ቁልፉን የት እንዳደረሰው እንጃ።»

«ነገርሽው?»

«አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩለት። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣው። እየመጣሁ ነው አለኝ።» እንደገና ማልቀስ ጀመረች። «ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። ቤቱ ይሸጥ፣ አንቺ አንዲት ክፍል ይበቃሻል ይላታል። እሷ ደግሞ ሬሳዬ ሳይወጣ አይሸጥም ትለው ነበር። ይኸው ወጣ!»

ወጥ ቤት ያለችው አስታማሚዋ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። የፈላው ወተት ምድጃው ላይ ገንፍሎ ደርቋል።

«ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ ወተት አፈላሁ። ዐሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ገባሁ። እትዬ ቢሏቸው ዝም። ነካኋቸው፤ ቀዝቅዘዋል።»

«ሌሊት ምን ሰማሽ?»

«በር የሰማሁ መስሎኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት የሄዱ መስሎኝ ተኛሁ።» ጣቶቿን ጨመቀች። «ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ…»

ቦርሳዋን ፈተሽን። ከታች በመሐረብ የተጠቀለለ የሟች የወርቅ አምባር አገኘን፤ ከመሐሉ ተቆርጧል።

የጣቢያው አዛዥ መጥቶ አምባሩን ሲያይ እጁን አፋተገ። «በቃ፣ አለቀ! ቁልፍ አላት፣ ቤት ውስጥ ነበረች፣ ወርቁ ተገኘባት። ሌላ ምን ቀረሽ? መልአክ ከሰማይ ወርዶ እንዲፈርምልሽ ነው?»

«እትዬ ናቸው የሰጡኝ» አለች ልጅቷ። «እጃቸው አብጦ ወርቅ ሠሪው ቆረጠላቸው። ዛሬ አስቀጥዪልኝ ብለውኝ ነው።»

«ስሚያት! ሞተው ነው የላኳት?»

ጎትተው ወሰዷት። ጫማ እንኳን አላደረገችም። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ፤ እኔ ድሮም ዓይኗ አላማረኝም ነበር!» ይላል። ከአንድ ወር በፊት የገዛ ሚስቱ ስትታመም ያስታመመችለት እሷ እንደሆነች ያወቅሁት በኋላ ነው።

*

ክፍሉን በዐሥራ ሁለት ሰዓት አሽጌ፣ በማግሥቱ ዕቃውን ከቤተሰቡ ጋር ልቆጥር ነበር ሐሳቤ። ለሴት ልጅየው ነገርኳት። እሷም ለወንድሟ መልእክት ላከችለት።

ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ የግቢው በር በርግዶ ተከፈተ። ረጅም ሰው፣ ትንሽ ቦርሳ በትከሻው።

«እማዬ! እማዬ! ምነው ሳልደርስልሽ!»

ግቢው በእሪታ ተናወጠ። እህቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ጠዋት ተነግሮት ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ» አለች። እኔም በሆዴ አዎ አልኩ። ምክንያቱም የእኔም ልጅ እሱ የሚኖርበት ከተማ ናት፤ አራተኛ ዓመት ተማሪ። እኔ የሞትኩ ዕለት እንዲህ ትደርስልኝ ይሆን ብዬ አስቤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

«በየትኛው በረራ መጡ?» አልኩት፤ ለወጉ ያህል።

«ዐሥር ከሃምሳ በሚያርፈው። ሁለት ከአርባ ላይ ተነሣን። ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ ስምንት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ስምንት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ሙሉ አለቀስኩ፣ እህቴ።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ እግዜር ይመስገን ጻፍኩት።

«ከመታሸጉ በፊት አንዴ ልግባ» አለ። «ሻርፗን ልውሰድ። ጠረኗ ሳይጠፋ።»

ደንቡ አይፈቅድም። እናት ነኝና ፈቀድኩ። በሩን ዘጋሁለት፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ከውስጥ ሲያለቅስ እሰማለሁ። እንዲያ ጮክ ብሎ ያለቀሰ ወንድ አላየሁም። ሻርፑን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ወጣ። እኔም በሩን አሸግሁ።

*

በማግሥቱ ጠዋት ወርቅ ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አምባሩን ገለበጠው።

«የእኔ መቁረጫ ነው። እማማ ራሳቸው ናቸው የጠሩኝ፤ ቤታቸው ሄጄ ቆረጥኩት። እጃቸው እንጎቻ አህሎ ነበር። ልጅቷ ይዛው ትመጣለች አሉኝ፤ ትናንት ስጠብቃት ቀረች።»

«ትናንት የት እንደነበረች ታውቃለህ?»

«የት?»

«እስር ቤት። አንተ ወናፍ ስትነፋ።»

የሰውየው ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የምጮህበት ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ከዚያ የሴት ልጅየው ባል ተረኛ ሆነ፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከሞቱ በፊት በነበረው አመሻሽ ከአማቱ ጋር ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። ሚስቱ ያላት ቁልፍ ደግሞ እሱም ዘንድ እንዳለ ይቆጠራል።

«ተጯጩኸናል» አለ፤ ቅባት በነካ ጨርቅ እጁን እየጠረገ። «ጣሪያው ያፈሳል፣ ላድሰው አልኩ። ብርዱን እለምደዋለሁ፣ ጣሪያዬን ማንም አይነካም አሉ። እንደ እሳቸው ያለ ግትር አይቼ አላውቅም። እወዳቸው ነበር።»

«ሌሊት የት ነበርክ?»

«መሪ ላይ። ሃምሳ ሁለት ሰው ከኋላዬ እያንኮራፋ።»

መናኸሪያው አረጋገጠ። በሦስቱም ኬላዎች አልፏል። እሱም ከተጠርጣሪነት ወጣ።

ጣቢያ ስመለስ አንዲት ሴት በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የአስታማሚዋ እናት። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ነው የመጣችው። ጭኗ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ይዛለች። የሟች ልጅ ከላይዋ ቆሞ ጣቱን ይቀስርባታል።

«ነፍሰ ገዳይ ወልደሽ ደግሞ እዚህ መጥተሽ ትቀመጫለሽ?»

«ጌታዬ» አለች፤ ድምጿ አይሰማም። «ልጄ ዶሮ ሲታረድ ዓይኗን የምትጨፍን ናት።»

«ዓይኗን ጨፍና ነዋ የገደለቻት!»

መሐላቸው ገባሁ። «ወንድሜ፣ ሐዘንዎን እረዳለሁ። ግን ይኼ የእኔ በር ነው። እዚህ በር ላይ የምጮኸው እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ እሷን የምትንከባከቢያት!» አለኝ። «አዛዡ ነግሮኛል። ነገ ሦስት ሰዓት ወደ ማረሚያ ቤት ትወርዳለች። ካልሆነ ከበላይ ጋር ነው የምነጋገረው።»

አዛዡ ዘንድ ገባሁ። ወርቁ ተጣራ አልኩት።

«ወርቁ ቢቀር ቁልፉ አለ» አለ። «ሦስት ቁልፍ ነው ያልሽው። አንዱ ይቺ ልጅ ጋ፤ አንዱ ሴት ልጅየው ጋ፣ እሷ ደግሞ ሌሊቱን ከሚጠባ ሕፃንና ከአማቷ ጋር አንድ ክፍል ነው ያደረችው። ሦስተኛው ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ማን ቀረ? እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም የሚል ወረቀት የለኝም፣ ሟርቴ። ነገ ሦስት ሰዓት።»

*

ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ወረወርኩ። ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ልጄ ስትሄድና ስትመጣ የተነሣችበትንና ያረፈችበትን ሰዓት የምጽፍበት። ሰባት በረራ። እያንዳንዷ መስመር የእኔ እንቅልፍ ያጣሁበት ቀን ናት። አውሮፕላኑ አየር ላይ እስካለ ድረስ አልበላም፣ ልብስ አላጥብም፣ ሰው አላናግርም። ቁጭ ብዬ ሰዓት እቆጥራለሁ፤ እኔ ካልቆጠርኩ የሚወድቅ ይመስል።

ስልኩ ጠራ።

«እማ! ፈተና ጨረስኩ። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።»

«በየትኛው?» እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

«በዚያችው፤ ዐሥር ከሃምሳ በምታርፈው።»

«ስንት ሰዓት ትነሣለች?»

«እማ ደግሞ! እዚያው ወረቀትሽ ላይ አለልሽ አይደል? እንደ እናንተ ሰዓት ንጋት ላይ፣ ዐሥራ ሁለት ተኩል።»

ጻፍኩት። ጽፌ አየሁት። እላዩ ላይ ያሉትንም አየኋቸው። ማስታወሻዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገባቸው ያዝኩት።

«እማ? አለሽ?»

«ስምንት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ የሚባል ነገር ከየት ነው የሚመጣው?»

«እ? እሱማ ኢንተርኔት ላይ የሁለቱን አየር ማረፊያ ስም ስትጽፊ የሚወጣው ነው። ካርታው ላይ በማስመሪያ አስምሮ የሚያሰላው። ድሮ እውነትም እንደዚያ ነበር አሉ። አሁን ግን መሐል ላይ ያለው ሰማይ ተዘግቷል፤ ጦርነት ነው። ዞሮ በባሕሩ ነው የሚመጣው። የበረረበት ሁሉ ያውቀዋል። ምነው፣ እያለቀስሽ ነው?»

«አይደለም። ተናድጄ ነው።»

*

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አየር ማረፊያው የፓስፖርት ክፍል ነበርኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ደብዳቤ ከአዛዥሽ አምጪ አለችኝ። አንዲት ልጅ በሦስት ሰዓት እስር ቤት ልትወርድ ነው አልኳት። አንዴ አየችኝ፤ ከዚያ ኮምፒውተሯን ማየት ጀመረች። ያወጣችልኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሁለት ሰዓት ላይ ከሁለት ፖሊስ ጋር ሟች ቤት ደረስኩ። ልጃቸው ሳሎን ሻይ ይጠጣል። እህቱ ከጎኑ ናት።

«ወሰዷት?» አለኝ።

«ገና ነው። ስለ መንገዱ ልጠይቅህ መጥቼ ነው።»

«አንተ» ማለቴን ልብ አለው። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የምን መንገድ?»

«የመጣህበትን። መስኮት አጠገብ ነበርክ?»

«አዎ።»

«ከታች ምን አየህ?»

«ይኼ ምርመራ ነው ወይስ ጨዋታ? በረሃ ነው ያየሁት። በረሃ ብቻ።»

«ባሕርስ?»

ሳቀ። «እመቤቴ፣ በዚያ መንገድ ባሕር የለም። ካርታ አይተሽ አታውቂም?»

«ካርታማ አይቻለሁ፤ እንደ አንተ። ልዩነታችን የእኔ ልጅ በእውነተኛው አውሮፕላን መምጣቷ ነው።» ከማቀዝቀዣው የነቀልኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ሰባት በረራ። አንብበው እስቲ። አንዱም ከዐሥር ሰዓት አያንስም። ወደዚህ ሲመጣ ዐሥር ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ ስድስቱን ሰዓት በባሕር ላይ። ምነው የእኔ ልጅ አውሮፕላን ብቻ ቀርፋፋ ሆነ?»

«ነፋስ ነዋ! ነፋስ ከኋላ ከገፋ…»

«ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ የሚገፋ ነፋስ? በረሃውንስ ከየት አመጣልህ?»

እህቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«እሺ፣ በዚያ አውሮፕላን ነው የመጣኸው እንበል» አልኩ። «ዐሥር ከሃምሳ አረፈ። ዐሥር ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ቁጠር። ከመሬት የተነሣው ንጋት ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። እህትህ የደወለችልህ ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት» አለች እህቱ፤ እሱ ሳይሆን እሷ።

«አንድ ሰዓት። እንግዲህ ስለ እናትህ ሞት ከመስማትህ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ወደ ለቅሶዋ ተነሥተሃል ማለት ነው። አስታማሚዋ እንኳን ገና ወተት እያፈላች ነበር።»

እህቱ ከጎኑ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«በዚያ አውሮፕላን ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው መጥቷል» አልኩና የፓስፖርት ክፍሉን ወረቀት አወጣሁ። «አንተ የለህበትም። አንተ ከሦስት ቀን በፊት ከጎረቤት አገር በአውቶቡስ ነው የገባኸው፤ ማንም እንዳያይህ። ለዚህ ነው ባሕሩን የማታውቀው። የሚያርፍበትን ሰዓት አየር ማረፊያው ሰሌዳ ላይ አየህ፣ የሚፈጀውን ከኢንተርኔት ወሰድክ። ክፍሉ ከመታሸጉ በፊት መድረስ ነበረብህ፤ ቀጥሎ የሚያርፈው በረራ ደግሞ ይዘገይብህ ነበር።»

እህቱ ቀስ ብላ ተነሣች። «ጋሼ» አለች። «ስደውልልህ ከየት ነው ያነሣኸው?»

ብርጭቆውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ስደውልልህ የት ነበርክ? እየጮህኩ እማዬ ሞተች ስልህ የት ነበርክ?»

«ሆቴል» አለ፤ ወለሉን እያየ።

ማሸጊያውን ቀደድኩና አምስት ደቂቃ ብቻውን ወደቆየበት ክፍል ሁላቸውንም አስገባሁ። የመጀመሪያውን ጠዋት ፎቶ ከፍራሹ አጠገብ ያዝኩት። ፎቶው ላይ ቀዩ ክር ዙሪያውን ሙሉ ነው። ፍራሹ ላይ በግድግዳው በኩል አንድ ስንዝር ተተርትሯል። ከውስጡ የወጣው ወረቀት ከትንሹ ቦርሳው ታች በሻርፑ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ በእናቱ እጅ የተጻፈ፣ በምስክር የተፈረመ። ቤቱ ለሴት ልጄ፣ እንዳይሸጥ፣ አስታማሚዬም እስክታገባ ክፍሏ እንዳይነካ ይላል። ለምን እንዳልቀደደው እስካሁን አይገባኝም። የእናቱ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ይሆን?

«ወረቀቱን ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ፍራሼ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ ትለኝ ነበር» አለ። «እሷ ተኝታበታለች። ቀስ ብዬ ፍራሹን ስዳብስ ነቃች። ማነህ አለችኝ። በጨለማ አላወቀችኝም። ልትጮህ ስትል…»

«ዝም እንድትል ነው ትራሱን የጫንክባት?»

«ልጅቷ የተነሣች መሰለኝ፤ ወረቀቱንም ሳልወስድ ወጣሁ።»

እህቱ ጫማዋን አውልቃ ፊቱን መታችው፤ ሌላኛውንም አወለቀች። ፖሊሶቹ ሊይዟት ሲሉ በእጄ ከለከልኳቸው። ሦስተኛ ጫማ ቢኖራት አቀብላት ነበር።

*

አስታማሚዋ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ተፈታች። አዛዡ ከቢሮው አልወጣም። እናቷ ከአግዳሚው ተነሥታ ተንበርክካ ጫማውን እንደ ሕፃን እግሯ ላይ አጠለቀችላት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር።

«ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አደረች» አለችኝ። «ፖሊሶቹ እንዳወሩት ይኼን ለማወቅ ሰዓት መቁጠር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው እንዴ?»

«አዎ» አልኩ።

«ታዲያ ለምን የመጀመሪያውን ቀን አልቆጠራችሁም?»

የማልቆጥረው ቀን የለም፤ የቆጠርኩት ግን የራሴን ልጅ ብቻ ነው። ልጇን ደግፋ ወጣች፤ ዞራም አላየችኝ።

በማግሥቱ ዐሥር ሰዓት ላይ አየር ማረፊያ ደርሼ ከመውጫው በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ዐሥር ከሃምሳ ሆነ። ሰሌዳው ላይ ምንም የለም። ሃምሳ አምስት። ጠባቂውን «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ሃምሳ ዘጠኝ ላይ «አርፏል» የሚል ቃል ወጣ።

ከሰዎቹ መሐል ሻንጣዋን እየጎተተች ብቅ አለች።

«ዘገየሽ!» አልኳት።

«እማ፣ ዘጠኝ ደቂቃ!»

«ባሕሩን አየሽው?»

ግራ ገብቷት ሳቀች። «ስድስት ሰዓት ሙሉ፤ ሌላ ምን ይታያል?»

አቀፍኳት። አልለቀቅኋትም።